ብረት ሲቀዘቅዝ ይንኳኳል

ይሄ ተረት አይደለም። በእኔው በአገኘሁ ላይ የደረሰ ነው።

ሁለቱም መዳፎቼ ላይ ጠባሳ አለ። የበር እጀታ ቅርጽ ያለው ጠባሳ። ይሄን በስልኳ የምትጽፍልኝ የእህቴ የልጅ ልጅ አሰበች ናት። "አባባ፣ ጠባሳውን ፎቶ ላንሳውና ልለጥፈው፤ አለዚያ አያምኑህም" ትለኛለች።

አይመኑኛ! እኔ ለመታመን አይደለም የማወራው።

ደግሞ እናንተ በዚህ ቻናል የምታነቡት ሁሉ ሌሊት ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት... የኔ ቀን ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ።

ቦታው መተማ ዮሐንስ። ዓመቱ 1977፣ በደርግ ጊዜ።

ያኔ የሠላሳ ሦስት ዓመት መካኒክ ነበርኩ። በእኛ አገር መካኒክን "ኡስታ" እንለዋለን፣ ከወዲያ ማዶ ከሱዳኖቹ የመጣ ስም ነው። ኡስታ አገኘሁ ከተባለ እስከ አብርሃ ጅራ የማያውቀኝ ሹፌር አልነበረም። ስለ መኪና አንድ ቃል ከተናገርኩ አለቀ፤ የሚከራከረኝ የለም።

ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ሚስቴ መንበረ ትባል ነበር። የዳባት ልጅ ናት፤ ሰሊጥ ልታጭድ ቆላ ወርዳ ከእኔ ጋር ቀረች። በዚያ ዓመት ካላዛር ያዛት። ቆላን የምታውቁ ሰዎች ታውቁታላችሁ... ትኩሳቱ አይለቅም፣ ሰውነት ያልቃል፣ ሆድ ብቻ ይነፋል። ገንዳ ውሃ ከተማ ወስጄ ያሳየኋት የጤና ድሬሰር ወደ ጎን ጠራኝና "ጎንደር ሆስፒታል ካልደረሰች ግንቦትን አታይም" አለኝ።

ጎንደር በምን? በዚያ ዓመት ለሰፈራ ተብሎ፣ ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ተወስዷል። የቀረው የአብዱልሀኪም አውቶብስ ብቻ ነው።

አብዱልሀኪም የጨርቅ ነጋዴ ነው፣ ደግ ሰው። አውቶብሱን ከአባቱ ነው የወረሰው። ሰማያዊ፣ አፍንጫው ረጅም፣ በጃንሆይ ጊዜ እንኳ አሮጌ ይባል የነበረ። የቤንዚን ሞተሩ ሜዳውን እንደ ምንም ይሄደዋል። ወደ አይከል የሚወጣው ዳገት ሲጀምር ግን ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል፤ ተገፍቶም አይወጣ። ደጋን ካየ ሦስት ዓመት አልፎታል።

"ያ ኡስታ" አለኝ አንድ ቀን፣ በዐረብኛ አጠራሩ፣ "የናፍጣ ሞተር ብናገኝለት፣ ከነካምቢዮው፣ ዳገቱን አይወጣውም?"

"ይወጣዋል እንጂ! ጎንደር ድረስ አይቆምም።"

"ከየት እናምጣ?"

ከየት እንደሚመጣ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ሞተሩ እኔው ግቢ አጥር ስር ቆሞ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ መጋቢት ላይ፣ አንድ የጭነት መኪና ኬላው ላይ ተያዘ። ከኋላው ዙሪያውን በላሜራ የተዘጋ ሳጥን አለው። ሹፌሩ ወታደር ሲያይ መኪናውን ትቶ በእኔ ጋራዥ በኩል ሮጠና ጫካ ገባ። የሳጥኑ በር በትልቅ ጓጉንቸር ተቆልፏል። "ቁልፉን ይዞ ጠፋ" ተባለ።

ኮንትሮባንድ ነው አሉ። አለቃቸው ለሥራ ከከተማው ወጥቶ ነበርና እሱ ሳይመጣ እንዳይከፈት በሩ ላይ ማኅተም ያለው ወረቀት ተለጠፈ። መኪናውን እኔ አጥር ስር አቁመው፣ ዘሩ የሚባል ወጣት ሚሊሻ ጥበቃ አቆሙበት።

የዚያኑ ዕለት ስድስት ሰዓት ላይ መንኳኳት ጀመረ።

ሦስት ጊዜ... ዝም።

ሦስት ጊዜ... ዝም።

ዘሩ ጠመንጃውን አንግቦ መጣ። ፊቱ ልክ አልነበረም።

"ኡስታ... ይሄ ምንድነው የሚንኳኳው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ብረት ነው።"

"ብረት?"

"ሞተር አይተህ አታውቅም? ብረት ሲቀዘቅዝ ይንኳኳል።"

"ይህን ያህል?"

"መካኒኩ እኔ ነኝ ወይስ አንተ?"

ሳቀ። እፎይ ብሎ ወደ ጥላው ተመለሰ። በዚያ ፀሐይ ምን የሚቀዘቅዝ ነገር አለ? አልጠየቀኝም። ያልኩት እኔ ነኛ!

ቤት ስገባ መንበረ አልጋው ላይ ቀና ብላለች። ግድግዳችንና አጥሩ መሀል አንድ ክንድ አይሞላም።

"አገኘሁ... ሰው ነው።"

"ብረት ነው። ተኚ።"

"ውሃ እያሉ ነው እኮ!"

"ትኩሳቱ ነው የሚያሰማሽ። ተኚ አልኩሽ!"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንኳኳቱ ቆመ።

አለቃው የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ጓጉንቸሩን በመጋዝ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ መጋዝ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ውስጡ የአሥራ አንድ ሰው ሬሳ ነበር። ድርቁን ሸሽተው ወደ ሱዳን ሊሻገሩ የነበሩ የደጋ ሰዎች። በሩን ከውስጥ የቧጠጡበትን... አሰበች ይሄን አልጽፍም ብላኛለች። ትዝለለው።

አብዱልሀኪም ሞተሩን ሲለምነው አለቃው ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። "ውሰዱት። መኪናውን በሙሉ ከዓይኔ አጥፉልኝ" አለ።

ወሰድነው።

አምስት ቀን ሠራን። ቆላ ላይ የብረት ሥራ ከንጋት እስከ አምስት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ መፍቻ ብትይዝ እጅህን ይልጠዋል። አሮጌውን ሞተር በሰንሰለት ግራር ላይ ሰቅለን አወጣነው። የናፍጣው ከባድ ስለሆነ መቀመጫውን ቆርጬ በሐዲድ ብረት አጠነከርኩለት። ካምቢዮው ባለ አምስት ማርሽ ነበር። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ስለረዘመ አንድ ክንድ ቆርጬ በየድኩት። እንዲያ ያለ ሥራ በዕድሜዬ ሠርቼ አላውቅም። ቡሎኖቹ በየቀዳዳቸው ልክክ አሉ... አንዱም አላስቸገረኝም።

ይሄ ነው መጀመሪያ ያልወደድኩት።

በሁለተኛው ቀን ራዲያተሩን ሞላሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ከፍቼ ሳየው ባዶ ነው።

ከስር ተኝቼ ፈለግሁ። አንዲት ጠብታ የለም፤ አፈሩ ደረቅ ነው። ዘይቱን አየሁ፣ ውሃ አልገባበትም። እንደገና ሞላሁት። በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ... ባዶ።

በአራተኛው ቀን ውሃውን ስጨምር ጆሮዬን አስጠጋሁ።

ይጎነጫል።

ውሃ ሲፈስ አይደለም የሰማሁት። ጉሮሮ ነው። ጉንጭ... ጉንጭ... ከዚያ ትንፋሽ።

እናንተ መካኒኮች ታውቃላችሁ፤ የሞተር ሕመም የሚሰማው በካቻቢቴ ነው። ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮህ ላይ ታደርጋለህ። ሞተሩ ከጠፋ አንድ ቀን ሙሉ አልፎታል። አስደገፍኩና አዳመጥኩ።

ሦስት ጊዜ... ዝም።

ሦስት ጊዜ... ዝም።

ካቻቢቴውን ወርውሬ ቤቴ ገባሁ። መንበረ ፊቷን ከግድግዳው ሳታዞር "ሰማሃቸው?" አለችኝ።

ልተወው? ሌላ ሞተር የለም፣ ሌላ መኪና የለም፣ ሆዷ በየቀኑ ያብጣል። ሥራዬን ጨረስኩ። የአውቶብሱ የጎን መስኮቶች መስታወታቸው ረግፎ ነበርና አቧራ እንዳይገባባት ብዬ በላሜራ ለበድኳቸው። ላሜራውን የቆረጥኩት ከሳጥኑ ነው። ሌላ ከየት ይመጣል?

የጉዞው ቀን ጠዋት መንበረ አልሄድም አለች።

"እዚያ ውስጥ አትክተተኝ" አለች፣ ክንዴን ይዛ። ያ የከሳ እጅ ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ አሳመመኝ። "ሙሉ ነው። ቦታ የለውም።"

"ማንም አልገባም ገና።"

"ሙሉ ነው አልኩህ።"

ተሸክሜ አስገባኋት። እየጮኸች። መንደሩ እያየ። ከሹፌሩ ጀርባ ያለው የመጀመሪያው ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና የውሃ ቅሏን ጭኗ ላይ አደረግሁላት። ቅሉ እስከ አፉ ሙሉ ነበር፤ እኔው ነኝ የሞላሁት።

የሚነዳው ራሱ አብዱልሀኪም ነው። ለመንገዱ ጥበቃ ዘሩ ጠመንጃውን ይዞ ገባ። ደጋ የሚመለሱ አጫጆችም ተሳፈሩ። አንዲት አየሁሽ የምትባል የጎጃም ሴት መንበረን አይታ "አይዞሽ የኔ እናት፣ ጎንደር ሐኪም አለ" አለቻትና ከጎኗ ተቀመጠች።

ሞተሩ በአንድ ምት ተነሣ።

ገንዳ ውሃን አለፍን። ዳገቱ መጣ። አብዱልሀኪም ማርሽ ቀነሰ፣ ናፍጣ ሰጠው... አውቶብሱ ወጣ! አንድም ሰው አልወረደም። ሴቶቹ እልል አሉ። "ማሻአላህ፣ ያ ኡስታ! ማሻአላህ!" እያለ መሪውን ይመታል አብዱልሀኪም። እኔም ሳቅሁ። አይዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ትድናለች ብዬ ነበር።

መንበረ ግን ወደ ኋላ ዞራ ባዶ ወንበሮቹን ታያለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

"ምን እያልሽ ነው?"

"እየቆጠርኩ ነው" አለችኝ።

አውቶብሱ ቆመ። አልተንገጫገጨም፣ አላጨሰም። ዳገቱ መሀል ላይ በቃ ቆመ።

ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ሰዓት።

ራዲያተሩን ከፈትኩት፤ ባዶ ነው። አብዱልሀኪም ጀሪካን አንሥቶ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ተከትሎት ከመንገዱ ስር ወዳለችው ጅረት ወረደ። ዘሩም ወረደ። አየሁሽ ፊቷን ልትታጠብ ወረደች። መንበረ መራመድ ስለማትችል ቀረች። እኔ ከፊት ኮፈኑ ስር ነበርኩ።

በሩ ሲዘጋ ሰማሁ።

ቀስ ብሎ ነው የተዘጋው። ነፋስ አልነበረም።

ከዚያ...

ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

"መንበረ?"

ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

ሮጬ እጀታውን ያዝኩ። ሥጋዬ ጮኸ፤ ከእሳት የወጣ ብረት ነው የያዝኩት። ሳብኩ። አይከፈትም። ይሄ በር እኮ ቁልፍ የለውም! የራሴ እጅ ነው የሠራው፣ በሽቦ የሚያዝ በር ነው! እግሬን ግድግዳው ላይ አድርጌ ሳብኩ። መዳፌ እጀታው ላይ ተላጠ።

"አገኘሁ... ውሃ!" የሷ ድምፅ ነው።

ወደ ፊት ዞሬ ኮፈኑ ላይ ወጣሁና በፊት መስታወት አየሁ።

ወንበሮቹ ሙሉ ነበሩ።

ራሳቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። መንበረ፣ ሁለት ወር ሙሉ ከአልጋ ያልወረደችው መንበረ፣ በእግሯ ቆማ በመሀላቸው ትሄዳለች። ቅሉን ይዛ ለያንዳንዳቸው ታጠጣለች። አንዱ ይጠጣል፣ ታልፋለች። ሌላው ይጠጣል፣ ታልፋለች። መጨረሻው ጋ ስትደርስ ቅሉን ገለበጠችው። አልቋል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

አላወቀችኝም። የማያውቁት ሰው መንገድ ላይ እንደሚታይ ነው ያየችኝ።

መስታወቱን በመፍቻ መታሁት። ደግሜ መታሁት። ተሰነጠቀ እንጂ አልተሰበረም። በስንጥቁ ማዶ ምንም አይታይም።

ሰዎቹ ከጅረቱ ሲመለሱ አየሁና ጮህኩ። "ዘሩ! በሩ አልከፈት አለ! ቶሎ በል፣ ሚስቴ ናት የምታንኳኳው!"

ዘሩ አልሮጠም። ፊቱን በነጠላው እያደረቀ መጣ፣ ጆሮውን ጣል አደረገና ፈገግ አለ።

"ምነው ኡስታ... ብረት ነው እኮ። ሲቀዘቅዝ ይንኳኳል።"

"ምን ትላለህ አንተ?!"

"አንተው አይደለህ የነገርከኝ?"

አብዱልሀኪም ራሱን ነቀነቀ። "ብረት ነው፣ ያ ኡስታ። ተረጋጋ" አለኝ። ተሳፋሪዎቹ ጥላ ፈልገው ተቀመጡ። አንዱ ዳቦ ቆረሰ። እኔ በሩን እየጎተትኩ፣ ደሜ እጀታው ላይ እየደረቀ፣ እነሱ ስለ ዘንድሮ ሰሊጥ ያወራሉ። እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኩ። እንደ ዕብድ አዩኝ። ሦስት ጊዜ... ዝም። ሦስት ጊዜ... ዝም። እየደከመ ሄደ።

ከዚያ ቆመ።

ዘሩ ተነሥቶ በአንድ ጣቱ በሩን ገፋው። ተከፈተ።

"ይኸው፣ ክፍት ነው እኮ ኡስታ።"

ሰዓቴ ዘጠኝ ይላል። እነሱ ግን እስከ ዛሬ የሚሉት ሌላ ነው። ጅረቱ ዘንድ ወርደን እስክንወጣ ሩብ ሰዓት አልሞላም ይላሉ።

መንበረ ያስቀመጥኳት ቦታ ላይ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ምላሷ ጠቁሯል። ቅሉ ደርቆ ጭኗ ላይ አለ። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው።

ራዲያተሩን ሞልተን እስከ አይከል ነዳነው። ሞተሩ ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ጠብታ ውሃ አልጠጣም፣ አላንኳኳም። አብዱልሀኪም ስድስት ዓመት ሠራበት፤ እንደሱ ያለ ሞተር አላየሁም ይላል።

አይከል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አየሁሽ አስከሬኑን አጠበችልኝ። ቀኝ እጇ እንደተጨበጠ ነው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ስታላቅቅ አንድ ነገር ወደቀ።

ቁልፍ ነው። የጓጉንቸር ቁልፍ። የተቃጠለ ዘይት ከላዩ ይንጠባጠባል።

"የምን ቁልፍ ነው?" አለች አየሁሽ።

አላውቅም አልኳት።

አሁን ልናገረው። አርባ ዓመት የደበቅኩት ይሄን ነው።

ያ ሹፌር ቁልፉን ይዞ አልጠፋም። በጋራዤ ሲያልፍ እጄ ላይ አስቀምጦት ነው የሄደው። "ወንድሜ፣ ሰው አለበት፤ ክፈትላቸው" ብሎኝ ነው የሮጠው። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን መኪናውን የጠገንኩለት እኔ ነኝ፤ ሰዎቹ ሲሳፈሩ አይቻለሁ፣ እነሱም አይተውኛል። ከተከፈተ እኔን ይጠቁማሉ። እኔ ከታሰርኩ መንበረን ማን ጎንደር ያደርሳታል? እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ቁልፉን የተቃጠለ ዘይት በርሜል ውስጥ ጣልኩት። ሲሰምጥ አይቻለሁ። ዘሩ መጥቶ ሲጠይቀኝ እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ ነበር።

መንበረ በርሜሉን አታውቀውም። በዚያ ሰሞን ከአልጋዋም አልወረደችም።

አናጢ ፈልገን ከእርጥብ ባሕር ዛፍ ሣንቃ ሳጥን አሠራንላት። ቄሱ ፍትሐት አደረሱ። ጉድጓዱ ውስጥ አወረድናት። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ በማግስቱ፣ ስድስት ሰዓት ገደማ።

የመጀመሪያው አካፋ አፈር ወደቀ።

ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

ሰው ሁሉ ደረቀ። ቄሱ መስቀላቸውን ጨበጡ። ቀባሪው አካፋውን በአየር ላይ ይዞ ቀረ።

ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

"ምንድነው ይሄ የሚንኳኳው?" አለ ቀባሪው በሹክሹክታ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ባሏ ነኝ። ኡስታ አገኘሁ ነኝ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ዘይቱ ሱሪዬን አልፎ ጭኔን ሲያርሰው ይታወቀኛል።

"እንጨት ነው" አልኩ። "እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይንኳኳል።"

ቀባሪው እፎይ አለና አፈሩን መለሰ።